ጋሼ የአጥንት ዱቄት አምጪልኝ አሉ

ለፋሲካ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስሄድ አጎቴን ታስረው አገኘኋቸው። ማለቴ እግራቸው ታስሮ። በቅሎ ጥላቸው ነው፤ ወጌሻው የቀርከሃ ስንጥር ደርድሮ በጨርቅ ጥፍንግ አድርጎታል። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ እናቴ ለጎረቤት ጉራዋን ጀመረች፦ "እሷ እኮ አጥንት የሚያበቅል ነገር ላይ ነው የምትሠራው!" ጋሼ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አምጪልኛ!"

ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ነገርየው ቢኤምፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ነው። መነሻው በፈረንጆቹ 1965 ነው። ማርሻል ዩሪስት የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ማዕድኑ በአሲድ የወጣለትን አጥንት እንስሳ ጡንቻ ውስጥ ሲቀብረው፣ አጥንት ምንም ጉዳይ በሌለው ቦታ አዲስ አጥንት በቀለ። አጥንቱ ውስጥ አዲስ አጥንት የሚጠራ ነገር አለ ማለት ነው። የዚያ ጠሪ ጂን በፈረንጆቹ 1988 ታወቀና ከዚያ ወዲህ የከብት አጥንት በኪሎ እየፈጩ ቅንጣት መልቀም ቀረ። ጂኑን ባክቴሪያ ወይም ሃምስተር የምትባል አይጥ መሳይ እንስሳ ሴል ውስጥ ከተው ያስመርቱታል። እናቴ "የሰው ቢኤምፒ-2" ሲባል ከመቃብር የወጣ መስሏት ነበር፤ የሰው የሆነው የአሠራሩ መመሪያ ብቻ ነው።

እኔ ጋ፣ ቤተ ሙከራው፣ የሚመጣው በ10 ማይክሮግራም ነው፤ የግራም መቶ ሺኛ። መጀመሪያ ቀን ዕቃውን ወደ መብራት አነሳሁት፣ ገለበጥኩት፣ ምንም የለም! ባዶ ላኩብን ብዬ ልጣላ ስል አንዱ ጓደኛዬ አስቆመኝ። ደርቆ ግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍ ዓይን አያየውም። ሳይከፈት ሴንትሪፉጅ በሚባል ማሽን አሽከርክሮ ወደ ታች ማውረድ፣ ከዚያ በጣም በቀጠነ አሲድ ማሟሟት ነው፤ አሲድ ከሌለው ሊረጋ፣ ሊጓጉል ይችላል።

ከዚያ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማቀዝቀዣ። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል እንላለን፣ ለዚህ ፕሮቲን ግን ሙቀት ነው፤ እሱ የሚፈልገው ከዜሮ በታች 20 እና ከዚያም በታች ነው። እኔ ቸኩዬ ሳልከፋፍለው ያንኑ አንዱን ቱቦ አራት ጊዜ አቀለጥኩ፣ አራት ጊዜ መለስኩ። ፕሮቲኑን የሰጠኋቸው ሴሎች ወደ አጥንት ሴልነት ሲለወጡ ማቅለሚያው ቀለም መያዝ ነበረበት፤ እንደ ንጹሕ ውኃ ቁጭ። አንድ ወር ሙሉ ያቃጠለኝ የራሴ ጥድፊያ ነው።

ለጋሼ ይህን ሁሉ አላወራሁም። ያልኳቸው የኔው ላይ "ለምርምር ብቻ" የሚል ተጽፏል፣ ለሰው ገላ ተብሎ አልተጣራም፣ አልተፈተሸም። ለሕክምና የሚሆነው ሌላ ነው፤ አሜሪካ በፈረንጆቹ 2002 ለጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና ፈቅዳዋለች፣ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ስፖንጅ ተነክሮ ይቀመጣል። መጠኑም እስከ 12 ሚሊግራም ይደርሳል፤ የኔን ዕቃ 1,200 ጊዜ ማለት ነው! እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። በፈረንጆቹ 2008 አንገት ላይ ሲደረግ እብጠት አምጥቶ መዋጥና መተንፈስ ሊከለክል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

"ደግሞ እርስዎ ጋ አለ እኮ" አልኳቸው። "የተሰበረው አጥንት ራሱ ያወጣዋል።"

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። የእግራቸው ጣቶች ቀዝቅዘው ጠቁረዋል፤ እስራቱ ደም አላሳልፍ ብሏል። ወጌሻን አልንቅም፣ ስንቱን አስነስቷል፣ ግን እንዲህ አጥብቆ ማሰር እግር ያስቆርጣል። ያንኑ ሰዓት አላላሁት፣ ሌሊቱን መኪና ለምነን ደብረ ብርሃን አወረድናቸው። ራጅ ተነሱ፣ ጀሶ ተደረገላቸው፣ ጣቶቹም ቀስ በቀስ ሞቁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፦

"ቆይ፣ አንቺ እዚያ ለማን ነው የምታበቅዪው?"

"ለአይጥ ጡንቻ ሴል።"

"ለአይጥ!" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ቤት ድረስ አላናገሩኝም።