ከአሮጌው የነዳጅ ማጣሪያ የፈሰሰው

መኪናዬ ዳገት መውጣት ያቃታት በአንድ ቀን አይደለም። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ወዲያው አስተውል ነበር። በአራተኛ ማርሽ ትጨርሰው የነበረውን አቀበት በሦስተኛ መውጣት ስትጀምር እግሬ ጠለቅ አድርጎ መርገጥን ለመደ፤ በሁለተኛ ስትሆን ደግሞ «ዕድሜዋ ነው» ብዬ አለፍኩ። ከታማሚ ጋር አብሮ የሚውል ሰው ክሳቱን አያየውም። ያየችው እህቴ ናት፤ ስድስት ወር ያህል መኪናዬ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። «ይህቺ መኪና ድሮም እንዲህ ታቃስት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ልብ ብዬ መከታተል የጀመርኩት። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከወትሮው ረዘም ብሎ ይዞራል። ከተነሳች በኋላ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ ምንም አይታይባትም። በሜዳ መንገድ በ60 ስትሄድም ደህና ናት። መከራው የሚጀምረው ነዳጅ አብዝታ ስትፈልግ ነው፤ ሰው ሞልቶባት ዳገት ሲገጥማት ወይም ከፊቴ ያለውን ለመቅደም ስረግጥ። ያኔ ታመነታለች፣ ትንገጫገጫለች። እግሬን ሳነሳላት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትሆናለች። ለሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው ምልክት ብቻውን በቂ ነበር። እኔ ግን ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ። አራት አዲስ ካንዴላ ገብቶላት እንደ ቀድሞዋ አቃሰተች። የአየር ማጣሪያውንም ቀየርኩ፤ አሁንም ያው ናት።

በመጨረሻ ያማከርኳቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። የተናገርኩትን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ፊልትሮው ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ።

«የዘይቱ ነው ጋሼ?»

«የነዳጁ።»

መልስ አልነበረኝም። መኪናዋን የገዛኋት ከሰው እጅ ነው፤ ቆጣሪዋ 163,000 ኪሎ ሜትር ሲል የነዳጅ ማጣሪያ እንዳላት እንኳ አስቤ አላውቅም።

«እንግዲያው ካንዴላውን ያለ ኃጢአቱ ቀጥተኸዋል ልጄ» አሉኝና የነዳጅ ግፊት መለኪያቸውን አመጡ።

የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍ ነዳጁን ከታንኩ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፓምፕ የሚጠብቀው ግፊት 3 ባር ነው። የትንሽ መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ያለው ከጎማ አየር በበለጠ ኃይል ታምቆ ነው ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ መርፌው 3 አጠገብ ቆመ። ሲረግጡት ወደ 2 ወረደ። ይህን ሊያመጣ የሚችለው አንድም የተደፈነ ማጣሪያ ነው፣ አንድም የደከመ ፓምፕ። ከማጣሪያው የሚጀመረው ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚያልፈው ነዳጅ ነው፤ ማጣሪያው ሲደፈን ፓምፑ እየለፋና እየጋለ ይሠራል። ፓምፑ ደክሞ ቢገኝ እንኳ ያደከመው ማጣሪያው ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን ማጣሪያ ትቶ አዲስ ፓምፕ መግጠም አዲሱንም ወደዚያው መላክ ነው።

መቼ ይቀየራል ለሚለው አንድ ቁጥር የለም። ለእኔ መኪና መመሪያው 40,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ከነዳጅ ታንኩ ውጭ የተገጠመ ማጣሪያ ያላቸው ብዙ የቤንዚን መኪኖች ከ30,000 እስከ 60,000 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፤ የናፍጣ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያጥራሉ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ማጣሪያው ታንኩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር አብሮ የተቀመጠ ነው፤ መደበኛ የመቀየሪያ ጊዜ አልተወሰነለትም፣ የሚነካውም ፓምፑ ሲነካ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ሥሩ ገብቶ ማጣሪያ ሲፈልግ ባይውል ጥሩ ነው። መኪናን ከሰው እጅ ለሚገዛ ግን ምክሬ አጭር ነው። ማጣሪያው ስለመቀየሩ የተጻፈ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብሎ መነሳት ይሻላል።

ሥራውን ራሴ ልሥራው አልኩ። ጋሼ አልከለከሉኝም፤ «እሳቱን ፍራው እንጂ ሥራውስ ቀላል ነው» ብለው ብቻ ሸኙኝ። እውነታቸውን ነበር። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ወርዶ ይሳባል፤ ዝግ ቤት ውስጥና ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መኪናዋን ያቆምኳት ሜዳ ላይ፣ ሞተሯ ሌሊቱን ሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከእግሬ ሥር አኖርኩ። መብራት ያልኩት የኤልኢዲ ባትሪ ነው፤ ትኩስ አምፖል ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን ቢያርፍ አምፖሉ ሊፈነዳና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ታንኩም ከሩብ በታች እስኪሆን ጠብቄ ነበር። የኋላውን በክሪክ አንስቼ በሁለት የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኩት። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር መግባት ስንፍናን ከሕይወት ጋር መለዋወጥ ነው።

ግፊቱን ሳይለቁ ቱቦ መፍታት አይቻልም። መንገዱ የፓምፑን ፊውዝ አውጥቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ይጨርስና ራሱ ይጠፋል። ፊውዙን አወጣሁ፣ አስነሳሁ፣ ጠበቅሁ። ሞተሩ ይሠራል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ስሰማው በደስታ ይሠራል። ለካ ያወጣሁት የጡሩምባውን ፊውዝ ኖሯል። ክዳኑ ጀርባ ላይ ያለውን ሥዕል ገልብጬ ነበር ያነበብኩት። ትክክለኛውን ሳወጣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ተንገጭግጮ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞተሪኖውን አዞርኩ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁና የታንኩን ክዳን ከፍቼ ውስጡ ያለውን ትነት አስተነፈስኩ።

የእኔ ማጣሪያ ያለው ከኋላ ወንበር በታች፣ ከታንኩ ፊት ለፊት ነው። ጡጫ የሚያህል የብረት ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ ወረቀት አለ። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሠራ ወረቀት 10 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ቅንጣት እንዲይዝ ይጠበቃል፤ የሰው ጸጉር ወደ 70 ማይክሮን ስለሚወፍር፣ እዚያ የሚያዘው ቆሻሻ አብዛኛው በዓይን አይታይም።

ታንኩ በኩል ያለው ዳዶ ዝጎ ነበር። ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ባልረጨው አይንቀሳቀስም ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ በአንድ መፍቻ ስሞክር ዳዶው ሳይሆን የብረት ቱቦው አብሮ ሲጠመዘዝ አየሁና እጄን ሰበሰብኩ። ቱቦው ቢሰበር ከታንክ እስከ ሞተር የተዘረጋውን መስመር መቀየር ሊመጣ ነው። በአንዱ መፍቻ የማጣሪያውን አንገት ይዞ በሌላው ዳዶውን መፍታት ነው የሚበጀው። ዳዶውን የሚይዘውም ለቧንቧ ዳዶ የሚሠራው፣ አምስት ጎኑን የሚያቅፈው መፍቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ተራው መፍቻ ጠርዙን ይበላዋል።

ዳዶው ሲላቀቅ ያልጠበቅሁት መጣ። ግፊቱ ተለቋል ማለት ቱቦው ደርቋል ማለት አይደለም። እጄን ሽቅብ አንስቼ ስፈታ ቤንዚኑ በጣቶቼ መካከል አልፎ በጓንቱ አፍ ገባ፣ በክንዴ ወርዶ ብብቴ ላይ ደረሰ። ቀዝቅዞ ይጀምርና ያቃጥላል። ወጥቼ በሳሙና ታጥቤ፣ ሸሚዜን ቀይሬ ተመለስኩ። የጓንትን አፍ ወደ ውጭ አጥፎ መሥራት የሚባለው ለዚህ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የሚወርደው እጥፋቱ ላይ ይቀራል።

አዲሱ ማጣሪያ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ የሚያሳየው ነዳጁ የሚሄድበትን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ነው። በጀርባ ተኝቶ ለሚሠራ ሰው ግራና ቀኝ ስለሚምታታ፣ ከመግባቴ በፊት ጎኑ ላይ በቀለም ብዕር «ታንክ» እና «ሞተር» ብዬ ጻፍኩበት። አሮጌው ከመኪናው ብረት ጋር በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ነበር፤ ነዳጁ ሲያልፍ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙላት የሚያወርድ ነውና እሱንም መልሼ አሰርኩ።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የእኔው ነው። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጫፍ የሚታሰረው መሃሉ ቀዳዳ ባለው ብሎን ሲሆን ከላይና ከታች እንዳያፈስ የሚደፍን የመዳብ ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አለው። ሮንዴላዎቹ ደህና መሰሉኝና አሮጌዎቹን መለስኩ። ባትሪውንና ፊውዙን መልሼ ታናሽ ወንድሜን መሪው ላይ አስቀመጥኩት፤ እኔ ከሥር በመብራት እያየሁ እሱ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጮህና ይቆማል፤ ባዶውን መስመር የሚሞላው እንዲህ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ከሮንዴላው ሥር ጤዛ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀስ እያለ አበጠ፣ ከብሎኑ ጫፍ ተንጠለጠለ፣ ጠብ አለ።

«ዝጋው!» አልኩት።

መፍቻውን አንስቼ ጠበቅ ላድርገው ብዬ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ መዳብ ደርቋል፤ ሁለተኛ ተጨፍልቆ አይደፍንም። እየጨመሩ ማጥበቅ ጥርሱን መብላት ነው። ግፊቱን እንደገና ለቅቄ ፈታሁት። አዲሶቹ ሮንዴላዎች ከማጣሪያው ጋር በአንድ ካርቶን መጥተው ነበር፤ ካርቶኑን ሳላራግፍ ከወረወርኩበት አንስቼ አወጣኋቸው። በእነሱ ሳስረው ደረቀ። ሞተሩን አስነስተን አሥር ደቂቃ ከሥር አየሁት፤ በማግስቱ ጠዋትም በነጭ ወረቀት ጠርጌ አረጋገጥኩ።

ዳገቷ በአራተኛ ማርሽ ተመለሰች። ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አሮጌውን ማጣሪያ ሳልጥለው ነዳጁ በገባበት አፉ በኩል ወደ ጠርሙስ ገለበጥኩት። በሞተሩ በኩል ቢገለበጥ የተጣራው ብቻ ነው የሚወጣው፤ ወሬው ያለው በመግቢያው በኩል ነው። የወጣው የሻይ ቅጠል ያለበት ውሃ ይመስል ነበር። ለግማሽ ሰዓት ሳስቀምጠው በሦስት ተከፈለ፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከሥሩ ጣት የማይሞላ ውሃ፣ ከሁሉ በታች ቀይ ቡናማ ዱቄት። ማግኔት ከውጭ አስጠግቼ ሳንቀሳቅስ ከዱቄቱ የተወሰነው ተከትሎት ሄደ። የብረት ዝገት ነው። ማጣሪያው የተደፈነው ከዕድሜ ብቻ አልነበረም፤ ታንኩ ከውስጥ እየተበላ ነበር።

ይህን አይቼም ዝም አልኩ፤ መኪናዋ ደህና ሄዳለችና። 8,000 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ማቃሰቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ማጣሪያ ሲገለበጥ ከመጀመሪያው ብዙም የማይሻል ነገር ወጣ። ያን ጊዜ ታንኩን አስወርጄ አሳጠብኩ፣ ከታች የበሰበሰውን አስጠገንኩ፣ ፓምፑ ጫፍ ላይ ያለውንም ወንፊት አስቀየርኩ። መጀመሪያ ጠርሙሱን ባየሁበት ቀን ይህን ባደርግ አንድ ማጣሪያና አንድ ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር።

በመካከሉ የወንድሜን የናፍጣ መኪና አብረን ሠርተናል፤ እዚያ ነገሩ ይለያል። የእሱ ማጣሪያ ታች ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቧንቧ አለው፤ ማጣሪያው ሳይቀየርም በየጊዜው ይከፈትና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ይፈሳል። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት። የእሱ በእጅ የሚጫን ፓምፕ ስላለው እስኪጠነክር ድረስ ጫንነው፤ ወደ መቶ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አውራ ጣቴ ያውቀዋል። ከከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ወዲያ ያለውን ቱቦ ግን አልነካንም፤ በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል፣ የሚያፈስ ቢሆን ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሦስተኛውን ማጣሪያ የቀየርኩት በጊዜው፣ 40,000 ሲሞላ ነው። ምንም ምልክት አልነበረም፣ እህቴም ምንም አላለችም። እንደ ልማዴ ገለበጥኩትና ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ቤንዚኑ ጠራ ያለ ነበር። ታች ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፤ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው። አዲሱ ላይ ቀኑንና የቆጣሪውን ቁጥር ጽፌ ገጠምኩት።