ቁጥሩን ከቢሮ አትጠብቁ፦ የአፋርኛ ሬዲዮ ጋዜጠኞችን ሳሠለጥን የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ከመሄዴ በፊት እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። በራሳቸው ቋንቋ የሚያሰራጩ የአርብቶ አደር አካባቢ ጋዜጠኞችን ስለ ጤና አዘጋገብ ልታሠለጥኑ ካሰባችሁ አንብቡት።

ሥራው አፋር ውስጥ ካለ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ክፍል ጋር ነበር። ችግሩን ደጋግሞ ከማውራት ይልቅ፣ ለችግሩ የተሰጠውን ምላሽ መርምሮ መዘገብ ነው ዓላማው። ምን ተደረገ? እውነት ሠርቷል? ማስረጃው የት አለ? የማይሠራውስ ለማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ፕሮግራም ውስጥ በትክክል ማስመለስ ከባድ ሥራ ነው።

የመረጥነው ጉዳይ ወሊድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ነበር። አፋር ላይ 15 ብቻ። ይህን ልዩነት ለአፋር ጋዜጠኛ መንገር አያስፈልግም፤ እህቱን የቀበረ አለ። ያልተዘገበው ግን የእናቶች ማቆያው፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው እስኪደርስ ጤና ጣቢያ አጠገብ የሚቆዩበት ቤት፣ ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ እንግዶቹ በላንድክሩዘር ከተመለሱ በኋላ የሆነው ነው።

ዝግጅቱን ባጭሩ ልበለው። የድጋፍ ደብዳቤ ወጣ፣ መቅረጫ ተገዛ፣ አስተርጓሚ ተገኘ። ሆቴል አትከራዩ፤ ሥልጠናውን እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ አድርጉት። ገንዘብ ሰጪው አዳራሽ፣ ባነርና የመክፈቻ ንግግር ይፈልጋል። እኔ ግን ኃላፊ የሚከፍተው ሥልጠና ላይ ጋዜጠኛ አፉን እንደማይከፍት አይቻለሁ። አበሉንም በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ክፈሉ። አበል ሲዘገይ ሰው ልቡ ከፊርማው ወረቀት ጋር ነው።

በማኑዋሉ መሠረት የመጀመሪያው ትምህርት “ምንጭን ማጣራት” ነበር። እሱን ትተን ከዳጉ ጀመርን። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሳር የት አለ፣ ማን ታመመ። የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ውሸት ያቀበለ ሰው በባህሉ ይቀጣል። እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ልጆች ስለ ምንጭ ማጣራት ከውጭ የመጣ ስላይድ ማሳየት ምን ይባላል? የጎደላቸው ይሄ አልነበረም። ሬዲዮው ውስጥ ሲገቡ ዳጉን በር ላይ እንዲተዉት ተደርገው ነው። ማይክ ሲይዙ “ኃላፊው ገለጹ፣ አሳሰቡ” ይላሉ። “አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?” የሚለውን የአባቶቻቸውን ጥያቄ ለኃላፊው እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ ከሥልጠናው ሁሉ የምኮራበት ነገር ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ቁጥር።

ጥያቄያችን ቀላል ነበር። ባለፈው ዓመት በዚህ ወረዳ ማቆያ ቤቱን ስንት እናቶች ተጠቀሙበት? የወረዳው ጤና ባለሙያ “ዞን ሳይፈቅድ አልሰጥም” አለ። ዞን “ክልል ይጻፍልን” አለ። ክልል ስንሄድ ደብዳቤያችን ላይ “ለሥልጠና” ይላል እንጂ “ለዘገባ” አይልምና አስተካክላችሁ አምጡ ተባልን። አስተካክለን ስንመለስ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲመለሱ ደግሞ “ፕሮግራሙ ከመተላለፉ በፊት ጽሑፉን እንየው” የሚል ቅድመ ሁኔታ መጣ። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው፣ በሰመራ ቀትር ከቢሮ ቢሮ መዞር ምን እንደሆነ መግለጽ ያስቸግራል። ጋዜጠኞቹ ግን አልተናደዱም። ለምደውታል። እኔን ያናደደኝም ይሄው መልመዳቸው ነው።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አዋጁን አትመን ይዘን ሄድን። ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልን። “ይሄ ለትልልቆቹ ሚዲያ ነው” አሉ። በአፋርኛ የሚያሰራጭ ጣቢያ ለእሳቸው ሚዲያ አልነበረም። የጤናው ልዩነት እዚህ ቢሮ ውስጥ የመረጃ ልዩነት ሆኖ ይቀጥላል። ሰሚው አፋር ከሆነ መልሱ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ተሰጠን። ላዩ ላይ ያለው የእናቶች ቁጥር ሳይሆን የዕቅድ ክንውን በመቶኛ ነው። ይህን በደንብ ልብ በሉ፤ ብዙ ዘጋቢ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። “የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ አሳክተናል” ማለት ከወለዱት እናቶች ይህን ያህሉ አገልግሎት አገኙ ማለት አይደለም። ዕቅዱ የሚወጣው ከሕዝብ ብዛት ተሰልቶ ነው። የሕዝብ ብዛቱ ደግሞ ከመጨረሻው ቆጠራ የተተነበየ ነው። ያ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ አፋር ላይ ወደ 2000 ዓ.ም. ተሻግሯል። ከዚያ ወዲህ ስንት ድርቅ፣ ስንት ጦርነት፣ ስንት መፈናቀል አለፈ። በዚህ ላይ የቆመ መቶኛ ሳይጠየቅ በሬዲዮ መተላለፍ የለበትም።

ያዳነን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የወሊድ መዝገብ ነው። አዋላጇ የእናቶቹን ስም በወረቀት ሸፍና፣ ጋዜጠኞቹ ወር በወር በእጃቸው ቆጠሩ። ማኑዋሉ “መረጃን ከሚመለከተው የበላይ አካል ያግኙ” ይላል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። መጀመሪያ መዝገቡ ጋ ሂዱ፤ ቢሮውን ለማብራሪያ ጠይቁት። የሰው ስምና የሕመም ታሪክ ግን በምንም ምክንያት አትቅዱ።

ቁጥሩ ወር በወር ሲደረደር ነገሩ ፍንትው አለ። ከብቱ ቅርብ በሆነባቸው ወራት እናቶች ይመጣሉ። ከብቱ ሳር ፍለጋ ሲርቅ መዝገቡ ባዶ ነው። ቢሮው ለዓመታት “የግንዛቤ እጥረት” ሲል የኖረው ይህንን ነው። ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፤ ማቆያ ቤቱ ተተክሎ ቀርቷል። አንዲት የልምድ አዋላጅ እናት ለጋዜጠኛዋ እንዲህ አሏት፦ “እዚያ ሄዳ ትቀመጥ ትሉናላችሁ። ፍየሎቹን ማን ያልባል?”

አንድ ቀበሌ ላይ ግን የተለየ ነገር ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ማቆያ የገባችውን ሴት ፍየሎች ጎረቤት በተራ እንዲጠብቅ ተስማምተዋል። ጋዜጠኞቹ ይህን በደስታ ሊያስተላልፉት ነበር። “የማይሠራውስ ለማን ነው?” የሚለውን ሲጠይቁ፣ ተራው የሚሠራው ጎሳው አንድ ላይ በሰፈረበት ወቅት ብቻ መሆኑን ሰሙ። ለብቻዋ ርቃ የሰፈረች ሴት ተራ የሚገባላት የለም። ሁለቱንም አስተላለፉ። እንዲህ ያለ ዘገባ ሰምቼ አላውቅም፤ ከአዲስ አበባዎቹም ቢሆን።

ገንዘብ ሰጪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሥልጠናውን በጀት ግማሽ ለነዳጅ አድርጉት። ጋዜጠኛው ከከተማ ወጥቶ መዝገብ ካልቆጠረ፣ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ፕሮግራሙ አይለወጥም። ሥልጠናውንም ሴቶች ይምሩት። ስለ ወሊድ ለወንድ ጋዜጠኛ የሚነገረውና ለሴት የሚነገረው አንድ አይደለም።

በአዋጁ መሠረት ያስገባነው ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም። ቅጂው ማህተም ተመቶበት ጣቢያው ውስጥ አለ። ጋዜጠኞቹ አሁን በራሳቸው የክትባት መዝገብ መቁጠር ጀምረዋል። በዚያው የ2016 ጥናት፣ ሙሉ ክትባት ያገኙ ሕፃናት አዲስ አበባ 89፣ አፋር 15 በመቶ ነበሩ። ከየትኛው ወር እንደሚጀምሩ እኔን አልጠየቁኝም። ከብቱ መቼ እንደሚርቅ ያውቃሉ።