ሻማ የተጠቀለለበት መጽሔት

ሻንጣዬን የፈታችው እማዬ ናት። ገና ውሃ ሳልጠጣ ዚፑን ከፍታ ዕቃውን አልጋው ላይ ትደረድር ጀመር። ቸኮሌቱ ለጎረቤት ልጆች፣ ሹራቡ ለእህቴ፣ የደም ግፊት መለኪያው ለራሷ። ከሥር በቀጭን መጽሔት የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ ነገር አገኘች። ፈታችው። ሻማ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ክሩ የጠቆረ።

«ከጀርመን ድረስ ሻማ ትሸከሚያለሽ? ያውም የተጀመረ? ባህር ዳር ሱቅ ጠፋ አሉሽ?»

መልሴን አልጠበቀችም። ሻማውን መስኮቱ ላይ አኑራ መጽሔቱን በመዳፏ ማቃናት ያዘች። ጽሑፍ ያለበት ወረቀት መጣል አይሆንላትም። መነጽሯን አደረገች። ጀርመንኛ አታነብም፤ ግን ፎቶ አለው። የገለጠችው ገጽ ላይ አሥራ ምናምን ሰው መለከት ይዞ በረዶ ላይ ቆሟል።

«ውይ! ይሄ ሁሉ ጡሩምባ? ማን ሞቶ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እኛ ሰፈር፣ ሽምብጥ፣ ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ከተነፋ ትርጉሙ አንድ ነው። እዚያ ግን የቤተክርስቲያን መለከት ነፊዎች ናቸው፤ ገና ሲቃረብ አደባባይ ወጥተው መዝሙር ይጫወታሉ። ነገርኳት። ብዙም አላመነችኝም።

እንግዲህ ይህ መጽሔት ምን እንደሆነ ለናንተም ልንገራችሁ። የምኖረው ሰሜን ጀርመን፣ ታችኛው ሳክሶኒ ውስጥ፣ ስሟን ብጠራላችሁ የማታውቋት ትንሽ ከተማ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ከካምፓስ ጀምሮ መካነ ኢየሱስ ነኝ፤ ሉተራን ማለት ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት። በዚህ ጉዳይ ተጣልተንም ታርቀንም ጨርሰናል። ጀርመን ስገባ ሉተራን ቤተክርስቲያን ፍለጋ አልተንከራተትኩም፤ በየመንደሩ አለ። የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያኖቻቸው በክልል የተከፋፈሉ ናቸው፤ 20 ናቸው። ድንበራቸው በአብዛኛው የድሮ መሳፍንት ግዛት የነበረውን ይከተላል። የእኛ ሃኖፈር ይባላል፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባል አለው። እያንዳንዱ ማኅበረ ምዕመናን ደግሞ የራሱን ወሬ በትንሽ መጽሔት አትሞ ለየቤቱ ያድላል። የኛ በሦስት ወር አንዴ ይወጣል። የአምልኮ ሰዓት፣ የልጆች ፕሮግራም፣ ጣሪያው ስንት ብር እንደሚፈልግ፣ ማን ተጠመቀ፣ ማን ሞተ።

እማዬ «ማን ሞተ» የሚለው ላይ ቆመች። ገጹ «ደስታና ኀዘን» ይባላል። ይህን ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች፤ እድር የሚባለው ነገር በሁለት ቃል ተጽፎ ያየች መሰለኝ። ሟቾቹ በስማቸውና በዕድሜያቸው ተዘርዝረዋል። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አንድ። ከዚያ ተጠማቂዎቹን። ሁለት።

«ሁለት ብቻ? ሰው አይወልድም እንዴ?»

ይወልዳል። ግን ወልዶ አያስጠምቅም። አንዳንዱም ወደ መንግሥት ቢሮ ሄዶ «ከቤተክርስቲያን ወጥቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ 380 ሺህ ገደማ ሰው ከጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያናት ወጥቷል። አንዱ ምክንያት ግብሩ ነው። የቤተክርስቲያን ግብር ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፤ በእኛ ክልል ከገቢ ግብሩ ላይ 9 በመቶ። እማዬ ይህን ስትሰማ «የእድር ዕዳ አለብኝ ብሎ ከእድር የሚወጣ ሰው፣ ሲሞት ማን ሊቀብረው ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ቀባሪ ድርጅት አለ ብላት ምን ትለኛለች!

የሰው ቁጥር ሲያንስ ማኅበረ ምዕመናኑ ይዋሃዳል። የኛ ቄስ ሦስት መንደር ያገለግላሉ። እሑድ በ3 ሰዓት ተኩል አንዱ ጋ፣ በ5 ሰዓት ሌላው ጋ። ሦስተኛው በሳምንቱ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ የተዘጋ በር ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። መጽሔቱን አላነበብኩም ነበርና ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዚያ የልደት ዝርዝር መጣ። 75፣ 80፣ 85፣ 91። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ልደቱ እንዲወጣ የማይፈልግ ለጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ያሳውቅ። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። እማዬ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም፤ ክረምት መሆኑን ብቻ ታውቃለች። «ልደቴን አትናገሩብኝ የሚል ሰው አለ?» አለች። አለ፣ እማዬ። መታመሙን፣ ከሥራ መባረሩን፣ መፋታቱን የማይናገርም አለ። እኔም አንዷ ሆኜ ነበር።

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«ምን ሆነሽ ነበር?»

የዛሬ ሁለት ክረምት ነው፤ የጀርመን ክረምት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በረዶው ላይ አዳለጠኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ወስደው ጀሶ አደረጉልኝ፤ በታክሲ ቤቴ መለሱኝ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሦስት ሳምንት ማንም በሬን አላንኳኳም። ክፋት አይደለም። አላወቁም። በየእሑዱ አጠገቤ የሚቀመጡት ሰዎች «ጉዞ ሄዳ ይሆናል» ብለዋል። እኔ ደግሞ በባህር ዳር ልማድ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እኛ ጋ አልጋ የያዘ ሰው «ታምሜያለሁ» ብሎ አይደውልም። ወሬው ራሱ ሄዶ ሰው ይጠራለታል፤ አንዷ ፔርሙስ፣ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ደግሞ ምክር ይዛ ትመጣለች። እዚያ ካልተናገርሽ ደህና ነሽ ማለት ነው። ይህን ልማር ሦስት ሳምንት በደረቅ ዳቦና በቆርቆሮ ምስር ኖርኩ። በየማታው ለእማዬ ስደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ። ካሜራውን ከፊቴ አላወርድም።

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እግርሽን ተሰብረሽ ከእኔ ደበቅሽኝ?»

«አባዬ ሲሞት ለኔ የተነገረኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ዝም አልኩ። እህቴ ፈንዲሻ ይዛ ገባችና ተረፍን። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። እኛም እንደብቃለን፣ እነሱም ይደብቁናል፤ ሁለታችንም ለሌላው አዝነን ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ነው በሬ የተንኳኳው። አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት። በሰፈራችን መጽሔቱን የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። 60 ቤት፣ በብስክሌት። የፖስታ ሣጥኔ ሞልቶ መጽሔቱ አልገባ ሲላቸው ደነገጡና ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ጀሶውን አዩት። ከዚያ አዩኝ። «ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ። «ለማን?» አልኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ሽምብጥ ይመስላችኋል። ሾርባ መጣ። ድንች መጣ። የመለከት ነፊዎቹ መሪ ልብሴን ወስዶ አጥቦ መለሰ፤ ያውም ተኩሶ። ሰዎቹ ሲጠብቁ የነበረው እንዲነገራቸው ነው።

እኚሁ ባልቴት ናቸው የመርከቧን ታሪክ የነገሩኝ። እኛ አካባቢ ሄርማንስቡርግ የምትባል ከተማ አለች። በ1849 እ.ኤ.አ. እዚያ የተመሠረተው ሚሲዮን በ1853 የራሱን መርከብ ሠርቶ ወደ ኦሮሞ ምድር ሰው ላከ። መግቢያ አጥተው ደቡብ አፍሪካ ቀሩ። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው ነው፤ ወለጋ፣ አይራ። የመርከቧ ስም «ካንዳዜ» ነው። ይህን ስናገር እማዬ ቀና አለች። «ማን?» ህንደኬ፣ እማዬ። «የጃንደረባው እመቤት!» አለች፤ ጎረቤቷ የተጠራች ያህል። ከመጽሔቱ ሁሉ የወደደችው ይህን ነው፤ መጽሔቱ ላይ ባይኖርም።

በነገራችን ላይ እሑድ ባህር ዳር ቤተክርስቲያን ሄጄ ነበር። መካነ ኢየሱስ በጥር 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏት፤ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ውስጥ ትልቋ ናት። መጽሔት አላየሁም፤ ማስታወቂያ ግን አለ። ከስብከቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ማይክ ያዙ። እገሌ ታሟል፣ ከሱቁ አለፍ ብሎ አረንጓዴ በር። የእገሊት ሰርግ ቅዳሜ ነው። እነእገሌ ቤት ለቅሶ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ ቢሰማ ያብዳል። በመጨረሻ «ከጀርመን የመጣች እህታችን ትቁምልን» አሉ። ቆምኩ። እልልታው ቀለጠ። በር ላይ ሰባት ሰው ጠበቀኝ፤ አምስቱ ስለ ቪዛ። ያኔ ለአፍታ ያቺ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማሳሰቢያ ናፈቀችኝ፤ አልዋሽም።

ማታ እማዬ መጽሔቱን እንደገና አወጣችው። «ያቺ ሾርባ ያመጣችልሽ ሴትዮ የትኛዋ ናት?» አለች። ፎቶ ልትፈልግ ገጽ ስትገልጥ እጇን ያዝኩና ወደ «ደስታና ኀዘን» መለስኳት። ከአሥራ አንዱ ሰባተኛዋ መስመር። 84 ዓመት።

ሉተራኖቹ አድቬንት፣ ማለትም ከገና በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜ፣ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ በዓመቱ የሞቱትን ሁሉ ስማቸውን ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ሻማ ይበራል። ስሙ ሲጠራ ቤተሰቡ ይነሳል፤ ኋላ ሻማውን ይዞ ይሄዳል። የሳቸው ስም ሲጠራ የሚነሳ አልነበረም። ልጅ የላቸውም። እኔ ተነሳሁ። ከበሽታቸው ጀምሮ 60ውን ቤት የማድለው እኔ ስለሆንኩ፣ የራሳቸው ሞት የታተመበትን መጽሔትም ያደልኩት እኔ ነኝ።

እማዬ መስኮቱ ላይ ያለውን ሻማ ዞር ብላ አየችው። «ታዲያ አትነግሪኝም?» አለች። ቆይታም «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አለች። ለቄሷ ልትነግር አስባለች። እነሱ ሁለት ስም የላቸውም፣ የተጻፈው ራሱ ነው አልኳት። ሦስቴ አስደገመችኝ። ምላሷ አልታዘዝ አላት። «ግዴለም፣ እሱ ያውቃታል» ብላ ተወችው።

በነጋታው ማታ መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ እማዬ ስትዳብስ ሰማኋት፤ ከዚያ ክብሪት ተጫረ። የባልቴቷን ሻማ አብርታ ሽሮው ወዳለበት ወጥ ቤት ገባች። ልጮህ አፌን ከፍቼ ተውኩት። በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤታችን እትዬ እሳት ልትለኩስ የራሷን ቁራጭ ሻማ ይዛ ቆማለች። «ይሄስ ከየት የመጣ ነው፣ አይጨስም» አለች። እማዬ እዚያው በር ላይ ነገረቻት። እግሬን መሰበሬን፣ ሦስት ፎቁን፣ ብስክሌቱን፣ ሾርባውን፣ ህንደኬን ሳይቀር። እትዬ ከንፈሯን መጠጠች። «ነፍስ ይማር» አለች። እኔ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ስለ እግሬ እንደሚጠይቀኝ አውቄያለሁ፤ ጠየቀኝም።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። እማዬ ሻማውን እፍ አለችና የቀለጠውን በጣቷ አስተካክላ መስኮቱ ላይ መለሰችው። መጽሔቱን እስከምሄድ አልሰጠችኝም።