በበዓለ ሃምሳ የተጀመረ የሥጋ ቅነሳ

ሥጋ መቀነስ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴን ይጠብቃል። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መራቅ የተለመደ ስለሆነ «በዚያው እቀጥላለሁ» ማለት ቀላል ይመስላል። እኔ ሆን ብዬ የጀመርኩት ግን በበዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ያለው ምግብ ቤት ፊቱን ወደ ጥብስና ክትፎ ያዞራል። በሁዳዴ የሚያጾመን የራሳችን ቁርጠኝነት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ የምግብ ቤቱ ድስትም አብሮ ይጾማል። ያ ሁሉ ድጋፍ በትንሣኤ ሌሊት ይነሳል፤ በሁዳዴ የጀመረም በዱለት ይፈታዋል። በበዓለ ሃምሳ የጸና ግን ዓመቱን አይቸገርም።

ሁለተኛው ምክንያት የጾም ማዕድ ማለቂያ ያለው መሆኑ ነው። ጾም ያጎደለውን ፍስክ ይሞላዋል ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ፍስኩ ሲቀር የሚጎድለውን ነገር ራስ መሙላት አለበት፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣውም «አያቶቻችን ጾመው አልኖሩም ወይ?» ተብሎ ይህ ሲዘነጋ ነው። ኖረዋል፤ ግን ይፈስኩ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ሥጋ የምበላው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው እሑድ ብቻ ሆነ፣ ሩብ ኪሎ ለሳምንቱ። በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ቀረ። እንቁላልና ወተት በፍስክ ቀን አሉ። በአንድ ጊዜ ያልቆረጥኩት ለሆድ ብዬ ነው፦ ጥራጥሬ በድንገት እጥፍ ሲሆን ሆድ ይነፋል፣ ብዙ ሰውም «አልተስማማኝም» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጭልፋ ብቻ መጨመር፣ ሽምብራና ቦሎቄ የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት፣ ባቄላን በበቆልት መልክ መብላት ችግሩን ያቀልለዋል። በቆልቱ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተጠልሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ በቀን ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ካልተለቀለቀ ይሸታል።

ሩብ ኪሎ ጥሬ ቀይ ሥጋ 50 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን ከሚያስፈልገው ጋር የሚቀራረብ ነው። ያንኑ ከምስር ለማግኘት 200 ግራም ደረቅ ምስር ይፈልጋል። እንጀራውም ድርሻ አለው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 12 ግራም ያህል ይይዛል። በዚህ ሒሳብ ሲታይ በያይነቱ ያታልላል። ትሪው ላይ ስምንት ዓይነት ተደርድሮ ዓይን ይሞላል፣ ፕሮቲን የሚባለው ግን ያለው በምስሩ፣ በክኩና በሽሮው ነው። ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹና ፎሶሊያው ጥሩ ናቸው፣ ሥጋን ግን አይተኩም። በትንሽ ጭልፋ ጣል የሚደረገው ምስር አምስት ግራም ቢኖረው ነው። ስለዚህ አስተናጋጇን «ቀይ ሥሩ ይቅርና ምስሩን ደርቢልኝ» ማለት ልማዴ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጭማሪ ሒሳብ ያደርጉታል።

ሽሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሳምንት ሁለቴ የሚበላው ሰውና በየቀኑ የሚበላው ሰው የሚጠነቀቁት እኩል አይደለምና። የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ጓያ ቢቀላቀል በዓይንም በምላስም መለየት አይቻልም። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አይጎዳም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሽባነቱም አይመለስም። መዘፍዘፍና መቀቀል መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍትሔው ያልተከካ እህል ገዝቶ ማስፈጨት ነው። ፍሬው ሳይከካ ጓያ ራሱን ያጋልጣል፦ ሽምብራ አፍንጫ ያላት ክብ ፍሬ ናት፣ አተር ድቡልቡል ነው፣ ጓያ ግን ጎንና ማዕዘን ያለው፣ በመዶሻ የተጠረበ የሚመስል ግራጫማ ፍሬ ነው። ከተከካ በኋላ ይህ ምልክት ይጠፋል።

እህል በረንዳ ላይ የምገዛው 5 ኪሎ ሽምብራ፣ 2 ኪሎ አተርና 1 ኪሎ ባቄላ ነው። ተለቅሞ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል፤ ከዚያ ከደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ጋር ሰፈር ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እዚህ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው። ሲታመስ ካረረ ሽሮው ይመርራል፣ ካልበሰለ ደግሞ ቢንተከተክም ጥሬ ጥሬ ይላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ ሳይደርቁ ከተፈጩ ደግሞ ዱቄቱ በወር ውስጥ ይሻግታል።

የምስር ወጥ በሳምንት አንዴ ይሠራል። ግማሽ ኪሎ የምስር ክክ 120 ግራም ፕሮቲን ስላለው ለስድስት ማዕድ ሲካፈል እያንዳንዱ 20 ግራም ይደርሰዋል። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ይቁላላ፣ ውሃው እስኪመጥጥና ድስቱን መያዝ እስኪጀምር፣ 20 ደቂቃ ያህል። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። ዘይት ከመጀመሪያው ሲገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይቀልጥም፣ ወጡም ሽንኩርትና መረቅ ለየብቻ ይሆናል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ውሃ ጠብ እያደረጉ 15 ደቂቃ ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ የታጠበው ምስርና አንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ። ስለ ዘይቱ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ «ሥጋ ትቼ ወፈርኩ» የሚል ሰው መጀመሪያ የዘይት ጠርሙሱን ይይ።

ምስር ክክ አያስቸግርም። ሙሉ ሽምብራና ቦሎቄ ግን ያስቸግራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስል ሽምብራ እዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው 12 ሰዓት ከዘፈዘፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት ይገላገላል። ቲማቲምና ሎሚ ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ሽምብራው እንደ ጠጠር ይቀራል። ዓመት ያለፈው እህልም እንዲሁ ነው፣ ጋዝ ከመጨረስ ሌላ ነጋዴ መቀየር ይሻላል።

ሥጋውን ሳይሆን ቅቤውን መተው የከበደው ብዙ ነው። በትክክል ሲታይ የሚናፈቀው ቅቤው ብቻ ሳይሆን ቅመሙም ነው። ሩብ ሊትር ዘይት በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ ከአንድ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮሰረት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ቁንጥር በሶብላና ቁንጥር አብሽ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይና በጨርቅ ይጠለል። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመርራል፣ ከዚያ ወዲያ ማዳኛ የለውም። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ መቀመጥ የለበትም፤ አየር በሌለበት አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ስለሚችል ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በሳምንት ያልቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ተጋቢኖው ከእሳት ሊወርድ ሲል።

ውጭ ሲበላ አጠያየቅ ማወቅ ይጠይቃል። ፍስክ ቀን «ሽሮ» ካሉ ቅቤ ያለበት ይመጣል። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለው። ፍርፍር ደግሞ በቋንጣ ወይም ከሥጋ በተረፈ ቁሌት ሊሠራ ይችላል። «ቅቤ አለው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ናት» ነው። «ሽሮው በዘይት ይሁንልኝ» ማለት ይሻላል። «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» ትላለች አስተናጋጇ። «አውቃለሁ እናቴ፣ በዘይት» ብሎ ማለፍ ነው፤ ማብራሪያ ከተጀመረ ሽሮው ይቀዘቅዛል።

ብረት ላይ የአገራችን ልማድ ራሱ ይጣላናል። ጤፍ ብረት አለው፣ በእርግጥ ከላቦራቶሪ ቁጥሩ ከፊሉ በውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ከጥራጥሬና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት የሚያስረው ፋይቴት የሚባል ነገር በእርሾ ሲቦካ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይበልጣል። ዋናው ችግር ግን ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይታጠብ የምትታዘዘው ማኪያቶ ናት። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲገናኙ ብረቱን ይይዙታል። አንድ ሰዓት ማቆየት በቂ ነው። ከምግቡ ጋር የሚሄደው ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ አዚፋ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ወደ ደም ያስገባዋል። ወተት ለሚተዉ ደግሞ ጎመንና ቆስጣ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይባል። የሐበሻ ጎመን ካልሲየም በደንብ ይሰጣል፣ የቆስጣው ግን ኦክሳሌት በሚባል ነገር የታሰረ ነው። ብዙ ምግብ ቤት «ጎመን» ብሎ የሚያቀርበው ቆስጣ ነው።

ቫይታሚን ቢ12ን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለመዘንጋት ቀላሉ ስለሆነ ነው። ከጥራጥሬም፣ ከጎመንም፣ ከጤፍም አይገኝም። ጎልማሳ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይፈልጋል፤ አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከአንድ ትንሽ የሚያልፍ ማይክሮግራም ይሰጣሉ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች 55 ቀን ምንም አይሰማም፣ ዓመትም ላይሰማ ይችላል። ምልክቱ ሲመጣ የእግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ መርሳት ነው። በጎመንና በምስር የሚበዛው ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ደግሞ የደም ማነሱን ሊሸፍነው ስለሚችል ነርቭ ሲጎዳ ደም ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ ሁዳዴ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲደመሩ እንቁላልና ወተት የሌለበት ቀን የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚሆን ክኒን እወስዳለሁ፣ በሳምንት 2,000 ማይክሮግራም። ፋርማሲ ሲገዛ መለያውን ማንበብ ያስፈልጋል፦ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበት ክኒን ብዙ ጊዜ ቢ6 ይበዛበታል፣ ቢ6 ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩት።

ተልባም ለዘወትር ይሁን። ቅባቱ ኦሜጋ 3 አለው፣ ከዓሣ የሚገኘው ዓይነት ግን አይደለም። አመስ ተደርጎ ካልተፈጨ ፍሬው እንደገባ ይወጣል፤ የሳምንቱን ብቻ መፍጨት፣ ከቆየ ይኮመጥጣልና።

የሚቀረው በዓል ነው። ቅርጫ የሚገባ ቤት ውስጥ «አልበላም» ማለት የሚቻለው ከበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ነው፤ ጉርሻው አፍ ጋ ከደረሰ በኋላ የሚነገር ነገር ባለቤቷን ያስቀይማል። «እትዬ፣ እኔ የሽምብራ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ» ሲባል ጉዳዩ ያልቃል። ሁለት ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይት፣ ጨውና ጥቂት በርበሬ ውሃ ጠብ እየተደረገ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ከለሰለሰ መጥበሻ ላይ ይበተናል። ግማሽ ጣት በሚያህል ውፍረት ተዳምጦ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጥና በሁለቱም ወገን ይጠበሳል። ቁሌቱ የዶሮ ወጥ ያህል ጊዜ ይሰጠው፣ መረቁ ግን ቀጠን ብሎ ይቅር። የሽምብራው ዓሣ ድስት ውስጥ እያለ መረቁን ሁሉ ስለሚጠጣ የሚከተተው ሰው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው።