አጎቴ ሳክሩ ላይ የጻፈው
እሁዴን ሙሉ ደሴ አክስቴ ቤት የፍሎፒ፣ ያ የድሮ ኮምፒውተር ፋይል መያዣ ዲስክ፣ ሻጋታ ስጠርግ ዋልኩ። አጎቴ አላህ ይዘንለትና ከጅዳ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሳክር ኮምፒውተር አለ፣ ኤምኤስኤክስ ከሚባሉት፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ሆኖ ቲቪ ላይ የሚሰካ፣ ስታንዳርዱ 1983 እኤአ የወጣ ነው።

ዲስኮቹ 11 ናቸው። የደሴ ጉም እንደሆነ ለማንም አይራራም፣ የብረቷን መዝጊያ ገፋ ሳደርጋት ውስጡ ያለው ጥቁር ዲስክ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ልክ እንደሻገተ እንጀራ! ጥጥ በአልኮል ነክሬ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ ጠረግኩ፣ ለአንዱ ግማሽ ሰአት። ቸኩላችሁ ድራይቭ ውስጥ ከከተታችሁት የድራይቩ ማንበቢያ ይቆሽሽና ቀጣዩንም ይፍቀዋል። ደግሞ ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ሲላችሁ በፍፁም እሺ እንዳትሉ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን፣ ዲስኩ ላይ እንዳይጻፍ የምታደርገውን ማገጃ ከፍታችሁ መጀመሪያ ሙሉ ኢሜጁን፣ ማለት የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ ገልብጡ። እያንዳንዱ 720 ኪሎባይት ነው፣ ዛሬ አንድ ሰልፊ እንኳን አይዝም ሃሃ

አክስቴ አቦሉን እየቀዳች "አንተ ልጅ ይኸን ቆሻሻ ምን ልታረገው ነው" ትለኛለች።

8ቱ ተነበቡ። አንዱ ፋይል ላፕቶፔ ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆነብኝ፣ የሳክር አረብኛ ኮድ የዛሬ ኮምፒውተሮች ፊደል ከሚያነቡበት ዩኒኮድ ጋር አይገጥምም፣ ኢሙሌተር (ላፕቶፑን እንደ ሳክር የሚያሠራ ፕሮግራም) ላይ ስከፍተው ፊደሉ አረብኛ ነው ግን ትርጉም የለውም፣ ጮክ ብዬ ሳነበው ለካ አማርኛ ነው! ማሽኑ ፊደላችን ስለሌለው አጎቴ እንደ ድሮ የወሎ ሸሆች በአጀሚ፣ አማርኛውን በአረብኛ ፊደል፣ ጽፎታል። የቅሬ (የወሎ እድር) መዋጮ ዝርዝር። አባቴ ስም ጎን "2 ብር ቀሪ" ይላል።

አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ "እስኪ ድገመው" አለች።

3ቱ እምቢ ብለዋል፣ ቅዳሜ እንደገና እሞክራቸዋለሁ አብሽሩ