ላሚኔሽን ሲሸበሸብ መጀመሪያ የጀርባ ወረቀቱን እዩ

ስቲከር ላሚኔት ተደርጎ (ህትመቱ ላይ ባለሙጫ መከላከያ ፊልም ተለጥፎበት) ሲወጣ ሽብሽብ ካለው፣ ጠርዙ ከተጠቀለለ ወይም አግድም መስመር ከታየበት ወዲያው የሚወቀሰው ፊልሙ ነው፤ ካልሆነም ህትመቱ። የፊልሙን ሙጫ ሸፍኖ የሚመጣውንና ከፊልሙ ተላቅቆ ወደ ላይ የሚሄደውን የጀርባ ወረቀት ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። የማሽኑን አያያዝ ቁልጭ አድርጎ የሚናገረው ግን እሱ ነው። እዚህ የምናወራው ማስታወቂያ ቤቶች ስለሚጠቀሙበት፣ ያለ ሙቀት በግፊት ስለሚሠራው የ1.60 ሜትር ላሚኔተር ነው።

ፊልሙ ከተሰቀለበት ዘንግ ተነስቶ የላይኛውን ሮለር አቅፎ ይዞራል፤ ወረቀቱ መላቀቅ ያለበት እዚያው ሮለሩ ላይ ነው። ጥቅሉ አጠገብ፣ አየር ላይ ከተላቀቀ ስስ የሆነው ፊልም ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ ሙጫውም ህትመቱ ጋ እስኪደርስ አቧራ ሲለቅም ይቆያል። ሮለሩ ላይ ሲሆን ግን ፊልሙ የሮለሩን ላስቲክ ተደግፎ ስለሚሄድ አይወላገድም።

የተላቀቀውን ወረቀት በሚጠቀልለው መጠቅለያ ዘንግ ላይ የሚገባው ባዶ ኮር (ጥቅል የሚጠመጠምበት ቱቦ) ከፊልሙ ስፋት እኩል ወይም ትንሽ ረዘም ያለ ይሁን። ያለቀው ጥቅል ኮር ለሚቀጥለው ወረቀት ስለሚያገለግል አይጣልም። ፊልሙን ከወረቀቱ ለመለየት ከተር አያስፈልግም፤ ጥጉ ላይ ከፊትና ከኋላ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፎ ሁለቱን ወደየአቅጣጫቸው መሳብ ይበቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በሙሉ ስፋቱ ከተገለጠ በኋላ ፊልሙን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የፒቪሲ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ወደ ሮለሮቹ አስገቡ። ወረቀቱን ኮሩ ላይ ስታያይዙ ፕላስተሩ የሚያርፈው ሲሊኮን (ሙጫ አጥብቆ እንዳይይዝ የሚያደርገው ቅብ) ባልተቀባው ፊት ነው። በሲሊኮኑ በኩል ከተለጠፈ ማሽኑ መዞር እንደጀመረ ይለቃል። መጀመሪያ መሃሉን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል በእጅ ወጥሮ ማያያዝ ነው። አንዱ ጫፍ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ ከቀደመ ወረቀቱ ወደ ጎን እየሸሸ ይጠቀለላል፤ ሽብሽቡም ፊልሙ ላይ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል።

ዋናው ነገር ውጥረቱ ነው። ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፦ ፊልሙ የተሰቀለበት ዘንግ ፍሬንና የመጠቅለያው ዘንግ ፍሪሲዮን (ዘንጉ ወረቀቱን የሚስብበትን ጉልበት የሚወስነው ክላች)። ፍሬኑን ክፍት አድርጋችሁ ጀምሩና ፊልሙ ላይ ያለው ሞገድ እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ፤ ከዚያ በላይ አንድ ጥርስ እንኳ አትጨምሩ። ተስቦ የተለጠፈ ፊልም ቀስ ብሎ ወደ ልኩ መመለሱ አይቀርም፤ ያኔ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ስቲከሩም ይጠቀለላል። የመጠቅለያውን ፍሪሲዮን ደግሞ ከዜሮ እየጨመራችሁ የሚላቀቅበትን መስመር ተመልከቱ። መስመሩ ቀጥ ብሎ አንድ ቦታ ከቆመ ልክ ነው። ወደ ላይ ሸሽቶ ፊልሙን ከሮለሩ ካነሳ ስቦታል። ወደ ታች ወደ ሮለሮቹ መገናኛ ከወረደ ላልቷል፤ ወረቀቱ ተጣጥፎ ከህትመቱ ጋር አብሮ ሊገባ ነው ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ደግሞ ወረቀቱ በድንገት እየተነጠቀ ይላቀቃል፤ በእያንዳንዱ ንጥቂያ ስቲከሩ ላይ አንድ አግድም መስመር ይቀራል።

ጠዋት በትክክል የተስተካከለው ከሰዓት የሚበላሸው ጥቅሎቹ መጠናቸውን ስለሚቀይሩ ነው። 50 ሜትር ርዝመት ያለው ፊልም ከነወረቀቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ወረቀቱ ብቻውን 0.1 ሚሊ ሜትር፣ የኮሩ ውጫዊ ራዲየስ 4.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሙሉው ጥቅል ራዲየስ 7.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሲያልቅ ወደ 4.5 ይወርዳል። ፍሬኑ ሳይነካ ፊልሙ ላይ ያለው ውጥረት በ60 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። በመጠቅለያው በኩል የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ወረቀቱ ከ4.5 ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር የሚስበው ጉልበት ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ፍሬኑን ትንሽ ማላላት፣ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ማጥበቅ ነው። ግማሽ ጥቅል ላይ የሚጀምሩ ሽብሽቦች መድኃኒታቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የሮለሩን ግፊት መጨመር አይደለም።

ወረቀት ከፊልም ሲላቀቅ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይብሳል። ሙጫው ዙሪያውን ያለውን አቧራ ይስባል። ማሽኑ ኧርዝ መታሰሩን አረጋግጡ፤ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል፤ ፍጥነት መቀነስም ይረዳል።

ወረቀቱ መሃል ላይ ከተቀደደ ማሽኑን ወዲያው አቁሙ እንጂ ወደ ኋላ አታዙሩ። ከኮሩ በኩል የቀረውን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ፣ ከፊልሙ በኩል ካለው ጋር በሙሉ ስፋቱ በፕላስተር ቀጥሉት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሮለሮቹን ከፍ አድርጉ። ተጫምቶ የቆየ ላስቲክ ጎድጉዶ ይቀራል፤ የቆመበት ቦታም ስቲከሩ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

የተጠቀለለው ወረቀት ጥቅም አለው። ፊልሙ ከህትመቱ ሰፍቶ በየጎኑ ከተረፈ ሙጫው የታችኛውን ሮለር ይይዘዋል፤ ሲሊኮን የተቀባውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ከህትመቱ ሥር ማንጠፍ ይህን ይከላከላል። ሮለሩ አንዴ ሙጫ ከነካው በአይሶፕሮፒል አልኮልና ቃጫ በማይለቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ቲነር ላስቲኩን ይጎዳዋል፣ ምላጭ ደግሞ የማይጠፋ ጭረት ይተውበታል። የተረፈውን ወረቀት ከተራ የወረቀት መልሶ መጠቀሚያ ጋር አትቀላቅሉት፤ ሲሊኮኑ ያበላሸዋል። ቁራጩ ወለል ላይ ከወደቀም ወዲያው ይነሳ፦ ሲሊኮኑ ወደ ታች ሆኖ ሲረገጥ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ላሚኔተር ፊት የቆመ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ሲስት እጁ የሚሄደው ወደሚዞሩት ሮለሮች ነው።