ኪሴ የገባው የከርከሮ ጥርስ

ለቅሪተ አካል ፍለጋ መጀመሪያ አፋር የወረድኩ ጊዜ ልቤ የጥንት ሰው ላይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ሉሲ ተገኝታ የለ? ተማሪ ብሆንም እኔም የእሷን ቢጤ አላጣም ብዬ ነው የሄድኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘሁት ግን አንድ የከርከሮ ዘመድ መንጋጋ ጥርስ ነው። ቅር እያለኝ አነሳሁት፣ ኪሴ ከተትኩትና ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ማታ መምህሬ ጥርሱን አገላብጠው አዩና «ከየት አነሳሽው?» አሉኝ። በእጄ ወደ ኮረብታው ጠቆምኩ። «ከየትኛው የአፈር ንብርብር?» ዝም አልኩ። መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ የአሳማ ጥርስ ዋጋ ነው። በአፍሪካ ብዙዎቹ የአሳማ ዘሮች ወደ ሣር መብላት ሲያዘነብሉ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሳቸው በዘመናት ውስጥ እየረዘመ፣ ከፍታውም እየጨመረ ሄዷል፤ ሣር ጥርስ ይጨርሳልና። ስለዚህ ርዝመቱን የለካ ሰው ጥርሱ የወጣበትን ንብርብር ዘመን በግምት ይናገራል። በ1960ዎቹ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ኬቢኤስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር በፊዚክስ ዘዴ ተለክቶ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው ተብሎ ነበር። ከሥሩ የወጡት አሳማዎች ግን እኛው ኦሞ ሸለቆ ካሉት፣ ዕድሜያቸው 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ከሆነው ጋር ተመሳሰሉ። ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጀ። አመዱ ደጋግሞ ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ አረፈው። አሳማ ፊዚክስን ረታ ማለት ነው! (ፊዚክሱም ኋላ ራሱን አርሟል፣ አይከፋው።)

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ቶሎ አላነሳም። አጠገቡ ባንዲራ እተክላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ በጂፒኤስ ቦታውን እይዛለሁ፣ ከየትኛው ንብርብር ተሸርሽሮ እንደወረደ ቁልቁለቱን ወደ ላይ እከተላለሁ። ፍለጋው ጠዋትና አመሻሽ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጥርሱ ልባስ ያብረቀርቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠጠር ይመስላል። ለነገሩ አብረውን የሚወጡት የአፋር ሰዎች እኔ ረግጬው ያለፍኩትን ቆመው ያዩታል።

ቤተ ሙከራ ውስጥም አንድ ጥፋት አለብኝ። ለሁለት የተሰበረ ጥርስ ቸኩዬ ሳጣብቅ ፀጉር ታህል አዛነፍኩት፤ ልኬቱም አብሮ ተዛነፈ። ደግነቱ ማጣበቂያው ፓራሎይድ ስለነበር በአሴቶን ሟሙቶ ተላቀቀ። የማይላቀቅ ማጣበቂያ ጠረጴዛዬ ላይ አይደርስም።

ያ የመጀመሪያው ጥርስ ዛሬ አዲስ ተማሪዎች የካሊፐር፣ የርዝመት መለኪያው መሣሪያ፣ አያያዝ ይለማመዱበታል። ካርዱ ላይ «የተገኘበት ቦታ» የሚለው መስመር ባዶ ነው።